የነከሰ ፍሬን፣ ያኮረፈ እጮኛ

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጫወተው ስለ ልብ ጉዳይ ነው። ስለ ቅናት፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቤተሰብ ጣልቃ ገብነት። የዛሬው ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። ግማሹ የልብ፣ ግማሹ የብሎን ጉዳይ ነው። ሲያዩት ፈገግ ያሰኛል፤ ረጋ ብለው ሲያነቡት ግን የሁለት ሰው ሕይወት አለበት። ስለዚህ ዛሬ ቦታውን ሁሉ ለዚህ አንድ ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። ጸሐፊዋ ስሟና አድራሻዋ እንዲቆይላት ጠይቃለች። አሳጥሬ እንዲህ አቀርበዋለሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። እጮኛዬ በ3 ዓመት ይበልጠኛል። ሥራ ወዳድ ነው፤ ሱስ የለበትም። አምና አንዲት አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል ሁለተኛ እጅ ገዛ። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች። መስከረም ላይ ሲያስነሳት የፊት ጎማዋ አልሽከረከር አለ። ዲስኩ ሲነኩት ያቃጥላል። ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩም ‹ካሊፐሩ ነክሷል፤ ዕቃውም አይገኝም። ነቅለን እንተወውና በኋላው ንዳ። እንዲያውም የፊት ፍሬን ሰው ገልባጭ ነው!› ብሎ ካሊፐሩን ከነቱቦው ፈትቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው። ይኸው 2 ወር በኋላ ፍሬን ብቻ ይነዳል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ከፊታችን ያለ ታክሲ ድንገት ቆመ፤ በእግዜር ቸርነት ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ ወዲህ እኔ ከኋላው አልቀመጥም ብዬ በታክሲ እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ ‹አታምኚኝም ማለት ነው› ብሎ አኮረፈኝ። ጥፋቱ የማን ነው? ሞተሯስ መዳኛ የላትም?»

መጀመሪያ ላንቺ

እኅቴ፣ አላጠፋሽም። እሱን ማመንና ፍሬኑን ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍሬን በፍቅር አይይዝም፤ በዘይት፣ በሸራና በዲስክ ነው የሚይዘው። እጮኛሽ የቱንም ያህል ጎበዝ ነጂ ቢሆን፣ የፊት ፍሬን የሌላትን ሞተር በጉብዝናው ሊያቆማት አይችልም።

ምክንያቱን ታክሲ ውስጥ ቆመሽ አይተሽዋል። ሾፌሩ ድንገት ሲያቆም ሰው ሁሉ ወዴት ነው የሚወረወረው? ወደ ፊት። ሞተር ሳይክልም እንደዚያው ናት። ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ከነተሳፋሪዎቿ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣል፤ የኋላው ደግሞ ቀለል ይላል። ቀለል ያለ ጎማ በፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆለፍና ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ሞተርን የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የፊት ፍሬን የሚሠራው። የኋላው ብቻውን ሲቀር፣ ያውም ቁልቁለት ላይ፣ ያውም በረጠበ ኮብልስቶን ላይ፣ እንደ አህያ ባል ነው። ከጅብ አያስጥልም።

«የፊት ፍሬን ሰው ይገለብጣል» የሚለው ወሬ ከተማችን ውስጥ ሥር ሰድዷል። እውነት አለው ወይ? እጀታውን በድንጋጤ ጭምድድ ካደረጉት፣ ኩርባ ላይ ወይም አሸዋ ላይ ከሆነ አዎን፣ ይጥላል። መድኃኒቱ ግን ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝን መለማመድ ነው እንጂ ፍሬኑን ነቅሎ በፌስታል መቋጠር አይደለም። ቢላዋ እጅ ይቆርጣል ብሎ ሽንኩርት በጥርስ የሚከትፍ የት አለ?

አነጋገርሽን ግን አስቢበት። «አንተን ስለማላምንህ» የሚል ነገር ከአፍሽ አይውጣ። «ፍሬኑ እስኪመለስ አልቀመጥም፤ የተመለሰ ቀን ግን የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ» በይው። ይህ ኩርፊያ የሚያመጣ ቃል አይደለም። ደግሞ ሥራው መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ሰው የሚፈልግ ነገር አለው። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። ለአሁኑ ጋዜጣውን ስጪው፤ የሚቀጥለው ለእሱ ነው።

ወንድሜ፣ ለምን ነከሰ?

መካኒክህ «ነክሷል» ማለቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። «መዳኛ የለውም» ማለቱ ነው ያላስማማን። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

እጀታውን ስትጨብጥ እላይ ያለው ማስተር ሲሊንደር ዘይቱን በቱቦው በኩል ወደ ካሊፐሩ ይገፋዋል። ዘይቱ ፒስተኗን ይገፋል፣ ፒስተኗ ሸራውን፣ ሸራው ዲስኩን ይጨብጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሆንዳ «ሲቢ 750» የተባለችውን ሞተር የፊት ዲስክ ፍሬን ገጥሞ ለሰፊው ገበያ ሲያወጣ አሠራሩ ይኸው ነበር፤ ያንተም በመሠረቱ ያው ነው።

አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ እጀታውን ስትለቅ ፒስተኗን ማን ይመልሳታል? ብዙ ሰው ስፕሪንግ ያለ ይመስለዋል። የለም። የሚመልሳት በዙሪያዋ ያለው ወፍራም ጎማ ነው፤ ሲቆረጥ አራት ማዕዘን የሆነው። ፒስተኗ ስትወጣ ጎማው ትንሽ ይጠመዘዛል። ግፊቱ ሲለቅ ጎማው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኗን ጎትቶ ይመልሳታል። ይህ መመለስ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አስበው! ሚሊ ሜትር በማይሞላ መላወሻ ላይ ትንሽ ዝገት ወይም ጭቃ ከገባ ፒስተኗ ባለችበት ትቀራለች። ነከሰ የምንለው ይህን ነው።

ጠላቶቿ አራት ናቸው። አንደኛው ውሃ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። ዓመታት ሲያልፉት ከውስጥ ያዝጋል። ሁለተኛው ጭቃና የሸራ ብናኝ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኗ ወደ ውጭ እየወጣች ትሄዳለች፤ የወጣው አካሏ ይቆሽሻል። አዲስ ሸራ ሲገባ ያን ቆሻሻ ሳያጥቡ በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ከገፏት ጉድ ፈላ። ሦስተኛው የደረቀ ፒን ነው። ፒስተን በአንድ በኩል ብቻ ያለው ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ ግራና ቀኝ መንሸራተት አለበት። ፒኖቹ ከደረቁ ወይም ከዛጉ አንዱ ሸራ ብቻ ያልቃል፣ ሌላው እንደ አዲስ ይቀራል። አራተኛው ዝም ብሎ መቆም ነው። ያንተዋ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ መክረሟ ለዚህ በቂ ነው።

ሌባው ሌላ ቢሆንስ?

ካሊፐራቸው ገና ሞተሩ ላይ ያለ አንባብያን ይህን ፈተና ቤታቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። የፊት ጎማው ከመሬት ብድግ እንዲል አድርገህ በእጅህ አሽከርክረው። ሸራው ዲስኩን ትንሽ ቢፈትግ ነውር የለውም። እጀታውን ጨብጠህ ልቀቅና እንደገና አሽከርክር። ተቸግሮ የሚቆም ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው።

አሁን ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጋት፤ ብዙ ጊዜ 8 ቁጥር ቁልፍ ትይዛታለች። ጨርቅ ያዝባት፣ ዘይት ትረጫለች። ስትላላ ጎማው ወዲያው ነጻ ከወጣ፣ ካሊፐሩ ንጹሕ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ መመለሻ አጥቶ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። እንግዲያው ሌባው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ መመለሻ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኗል፤ ወይ የጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን መሄድ ብቻ እንጂ መመለስ ከልክሎታል። ብሎኗ ላልታም ጎማው ያው እንደነከሰ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፒስተኗ ወይም የፒኖቹ ነው። አስተውሉ፤ ይህ ፈተና ሳይደረግ ካሊፐር ተነቅሎ ተጥሎ፣ ጥፋተኛው ሳንቲም የማታወጣ የተደፈነች ቀዳዳ ሆና ሊገኝ ይችላል።

እጅጌ ሰብሰብ!

ያንተ ካሊፐር 2 ወር በፌስታል ውስጥ ከርሟል። ስለዚህ እንዲሁ መልሶ መግጠም የለም፤ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ፍሬን ላይ ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ይህን ሥራ የሚያውቅ መካኒክ አጠገብህ አድርግ። አንተም አጠገቡ ቁም፤ የምጽፈው ምን መሠራት እንዳለበት አውቀህ እንድትቆጣጠር ጭምር ነው።

መጀመሪያ ካሊፐሩን ከነቱቦው ወደ ሞተሩ መልሰህ በብሎኖቹ እሠረው፤ የቱቦው መዳብ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ። ለምን መልሼ? አንደኛ፣ የደረቁትን የሸራ መያዣ ፒኖች ለማላላት ካሊፐሩ በደንብ መያዝ አለበት፤ እጅ ላይ ይዘህ ስትታገል ብሎን ትገምጣለህ። ሁለተኛ፣ ፒስተኗን ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው ጉልበት የራሱ የፍሬኑ ዘይት ነው።

ፒኖቹ ከላሉ በኋላ ካሊፐሩን ከሹካው ፍታው፤ ቱቦውን ግን አትንካ። ሸራዎቹን አውጣ። ብናኙን በአፍህም ሆነ በአየር አትንፋ። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በውሃና በላርጎ አርጥበህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው።

ከዚያ ማስተሩን በአዲስ ዘይት ሞልተህ አየሩን አስወጣና እጀታውን ቀስ እያልክ ጨብጥ። ፒስተኗ ቀስ በቀስ ትወጣለች። ሁለት ፒስተን ካለው ያልነከሰችው ቀድማ ትሮጣለች። እሷን በእንጨት ቁራጭ ይዘህ አስቀራት፤ ያኔ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ግትሯ ይሄዳል። ሁለቱም ከቤታቸው ጫፍ ሲደርሱ ከታች ዕቃ አድርግ፤ ዘይቱ ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላልና ታንከሯ ላይ ቢንጠባጠብ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠብ።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር አየር ማስወጣት የለመዱ አሉ። እኔ አልመክርም። በአየር የተገፋች ፒስተን እንደ ጥይት ነው የምትወጣው፤ ጣት ትሰብራለች። በፒንሳ ነክሶ መጎተትም ክልክል ነው። ፒንሳ የነካት ፒስተን ላይ የሚቀረው ጭረት ነገ ጎማውን ይበላዋል።

እውነተኛው መደበቂያ

ፒስተኗ ወጣች። አሁን በብርሃን እያዞርክ እያት። ላይዋ የጠቆረ ብቻ ከሆነ በጨርቅና በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይለቃል። ጎማው በሚነካት ቦታ ላይ ጥፍርህን ስታስኬድ የሚያደናቅፍ ጉድጓድ ካለ ግን አለቀላት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ ልባጧን ትገፍፍና በወሩ እንደገና ትዝጋለች።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቀጥሎ ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች በቀጭን እንጨት ፈልቅቀህ አውጣና ጎማው የተቀመጠበትን ቦይ ተመልከት። እንደ ኖራ የነጣ ደረቅ ዱቄት ታገኛለህ። ይህ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ከጎማው ሥር ሆኖ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጎማው ደግሞ ፒስተኗን አንቆ ይይዛታል። ቦዩን ሳያጸዱ አዲስ ጎማ መግጠም ታጥቦ ጭቃ ነው። አዲሱም ጎማ በአሮጌው ዝገት ላይ ይቀመጥና ፍሬኑ እንደገና ይነክሳል። ሰውየውም «ዕቃው የማይረባ ነው» ይላል። ቦዩን በእንጨት ወይም በለስላሳ የነሐስ ሽቦ፣ ሳትጭር፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ አጽዳ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይኸው ነው።

ስታጥብ ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ወደ ጎማው አይጠጉ። ግራሶም እንደዚያው። እነዚህ ሁሉ የፍሬን ጎማን ያሳብጣሉ። ያበጠ ጎማ ደግሞ እንደ ዝገቱ ፒስተኗን ያንቃታል። ለዚያ ቦታ የሚሆነው ለፍሬን ጎማ ተብሎ የተሠራ ቅባት ወይም ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ለሚንሸራተቱት ፒኖች ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀባ፤ የላስቲክ ኮፍያቸውም የተቀደደ ከሆነ ቀይር።

«ዕቃው አይገኝም»

ይህን ቃል ሶማሌ ተራ ሳትዞር፣ መርካቶ ሳትገባ አትቀበል። አንድ ነገር ልንገርህ፦ የጃፓን ሞተር ፋብሪካዎች ካሊፐራቸውን በብዛት የሚያሠሩት እንደ ኒሲን፣ ቶኪኮና ሱሚቶሞ ባሉ ጥቂት ድርጅቶች ነበር። ስለዚህ ላንተ ሞተር የሚሆነው ጎማ በሌላ ሞተር ስም ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የሞተሯን ስም ብቻ ይዘህ አትሂድ። የፒስተኗን ስፋት በካሊብሮ አስለካ፣ አሮጌውን ጎማም ናሙና አድርገህ ያዝ። ልክ በልክ ካልሆነ «ይበቃል» ቢሉህም አትግዛ። ፍሬን «ይበቃል» አያውቅም።

ፒስተኗ ከጠፋች ጥሩ ቶርኖ ቤት ከማይዝግ ብረት ሊሠራልህ ይችላል። ናሙናዋን ይዘህ ሂድ፤ ልኳ ከፀጉር በቀጠነ መለኪያ የሚሰፈር፣ ላይዋም እንደ መስታወት የለሰለሰ መሆን አለበት። ምናለሽ ተራ ሙሉ አሮጌ ካሊፐር ብታገኝም ደስ ብሎህ ወዲያው አትግጠም። እሱም የሆነ ክረምት አሳልፏል፤ እሱንም ፈትተህ እጠብ።

ሸራው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ዘይት ከጠጣ ቀይረው። ዲስኩም ዝቅተኛ ውፍረቱ በላዩ ላይ ተቀርጾበታል፤ ከዚያ ከሳሳ አገልግሎቱ አብቅቷል።

ስለ ዘይቱ ጥቂት

የማስተር ሲሊንደሩ ክዳን ላይ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ዶት 4 አዲስ ሳለ ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል። ውሃ ከመጠጠ በኋላ ግን መመዘኛው 155 ዲግሪ ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይትማ በስሙም አይጠራ!

ይህ ቁጥር ምን ያደርግልኛል ካልክ ዓባይ በረሃን አስብ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የነከሰ ፍሬን ይዘህ ስትወርድ ሸራው ዲስኩን ያለማቋረጥ ይፈትጋል፣ ሙቀቱ በፒስተኗ በኩል ወደ ዘይቱ ይገባል። ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እጀታውን ስትጨብጥ እጅህ ውስጥ ባዶ ሆኖ ይገባል። አየህ? ከመጠን በላይ የያዘ ፍሬን መጨረሻው ጭራሽ የማይዝ ፍሬን ነው። «ትንሽ ብቻ ነው የሚነክሰው፣ እስከ ደመወዝ ልንዳት» የሚሉ ወጣቶች ይህችን ልብ ይበሏት።

አሁን ሁለታችሁም

እኅቴ፣ የቀጠርኩሽ ቦታ ደረስን። ሁሉ ተገጥሞ ሲያልቅ ከቱቦው ውስጥ አየር መውጣት አለበት። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ሲሠራው ይቀላል። አንቺ እጀታው ላይ፣ እሱ ብሎኗ ላይ። ብሎኗ ላይ ቀጭን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቱቦ ያጠልቃል፤ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክረዋል።

እሱ «ያዢ» ሲልሽ እጀታውን ጨብጠሽ ያዢ። እሱ ብሎኗን ያላላል፤ አረፋ ይወጣል፤ ያጠብቃታል። «ልቀቂ» ሲል ትለቂያለሽ። እሱ ሳያጠብቅ አትልቀቂ፤ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ማስተሩ ውስጥ ያለው ዘይትም እንዳያልቅ ዓይንሽ እዚያ ላይ ይሁን። አረፋው አልቆ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣና እጀታው እስኪጠነክር ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ተኮራርፎ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም፤ መነጋገር የግድ ነው። ስለዚህ ኩርፊያውም እዚያው ይፈታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሞተሯ ከቦታዋ ከመነቃነቋ በፊት እጀታው ደጋግሞ ይጨበጥ። ሸራዎቹ ገና ከዲስኩ ርቀው ስለሚቆሙ የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ባዶ ናቸው። ይህን ረስተው ከግቢ በር እንደወጡ ግድግዳ የሳሙ አሉ። ከዚያ ያ የጎማ ማሽከርከር ፈተና ይደገም። ጨብጦ ሲለቅ ጎማው ነጻ ካልወጣ፣ ከላይ እንዳልኩት ወደ ቱቦውና ወደ ማስተሩ ይዙር። ነጻ ከወጣ ደግሞ ብሎኖቹ ሁሉ እንደ መመሪያው መጥበቃቸውን አረጋግጦ፣ እጀታውን ለረጅም ጊዜ ጨብጦ ዘይት የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ይይ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዝግታ፣ ብቻውን ይሁን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ወርዶ እጁን ሳያስነካ ወደ ዲስኩ ያስጠጋ። ፍሬን ሳይዝ እየነዳ ዲስኩ ከጋለ ሥራው አላለቀም። አዲስ ሸራ ዲስኩን እስኪላመድ ድረስም ወዲያው ጭምድድ አድርጎ አይያዝ፤ ለስለስ እያለ ይግራው። አንቺ የምትቀመጪው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሄልሜትሽን አጥልቀሽ!

እንዳይደገም

ይህ ምክር ለሁላችሁም ነው፤ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት አልቀየምም። በየሳምንቱ ጎማውን ብድግ አድርጋችሁ አሽከርክሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየጥቂት ወሩ፣ በተለይ ከክረምት መግቢያ በፊትና መስቀል ሰሞን፣ ካሊፐሩን አውርዳችሁ በላርጎ እጠቡ፤ ፒኖቹን ቅቡ። አዲስ ሸራ ስትገጥሙ ፒስተኗን ከመግፋታችሁ በፊት የወጣውን አካሏን አጽዱ። በእጅ ግፊት አልገባ ካለች ምልክት እየሰጠቻችሁ ነውና በብረት አታስገድዷት። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ለውጡ። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም፤ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ይጠብቃችኋል። ሞተሯን ለረጅም ጊዜ የምታቆሟት ከሆነ ከዝናብ አስጠልሏት፤ አልፎ አልፎም እጀታውን እየጨበጣችሁ ልቀቁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። የሚጠይቀው በአብዛኛው ብሩሽ፣ ላርጎና አንድ የእሑድ ከሰዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ስለ ፍሬን ባያስቡም ቃሉ ለፍሬን የተባለ ይመስላል።

ወንድሜ፣ ፌስታሉን ፍታው። እኅቴ፣ «ያዢ» ሲልሽ አጥብቀሽ ያዢ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!